ዳገት ላይ የሚያፏጭ መኪና

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ከአጋሮ ወደ ጅማ ቡና የምጭንበት ናፍጣ ፒክአፕ ነዳጅ ስሰጠው ያፏጫል። ቆሞ ሲሠራ ድምፁ የለም። ዳገት ላይ ጉልበቱ ቀንሷል፣ ጥቁር ጭስም ያወጣል። አንድ ጋራዥ «ቱርቦው አልቆለታል፣ ቀይረው» አለኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ለሞተሩ የሚሰጠውን መሣሪያ) ለመግዛት አትጣደፍ። ዋጋው ቀልድ አይደለም። ጤነኛ ቱርቦም ቢሆን ቀጭን ፉጨት አለው። ያንተው ግን ጭስና የጉልበት ማነስ ስላለበት፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ቱቦውን ነው። ቱርቦው የጨመቀው አየር በኢንተርኩለር (አየሩን በሚያቀዘቅዘው ክፍል) በኩል ወደ ሞተር የሚሄደው በጎማ ቱቦ ነው። ቱቦው ከተሰነጠቀ ወይም ፋሸታው (ቱቦውን አጥብቆ የሚይዘው ቀለበት) ከላላ አየሩ እያፏጨ ይወጣል። ሞተሩ አየር ሲያንሰው ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፤ ጥቁሩ ጭስ ከዚያ ነው። ቆሞ ሲሠራ ዝም የሚለው ግፊቱ ያኔ ትንሽ ስለሆነ ነው።

ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ኮፈኑን ክፈትና ቱቦዎቹን በእጅህ ዳብስ። በተለይ ከታች በኩል፤ ስንጥቅ መደበቅ የሚወደው እዚያ ነው። ጠምዘዝም አድርጋቸው። ዘይትና አቧራ ተለውሶ የተለጠፈበት ቦታ ካገኘህ ደህና አድርገህ እየው። የላላ ፋሸታ አጥብቅ፣ የተሰነጠቀ ቱቦ ቀይር። በፕላስተር መጠቅለል የጊቤን ዳገት አያወጣህም!

ቱቦዎቹ ደህና ከሆኑ የጭስ ማኒፎልዱን (ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ የሚሰበስበውን ቱቦ) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም መገጣጠሚያው እንዳይተነፍስ የሚያሽገውን ማሸጊያ፣ አሳይ። ዙሪያው ጥላሸት ከያዘ እዚያ ይተነፍሳል። ቱርቦው ላይ የምትደርሰው በመጨረሻ ነው፦ ሞተሩ ጠፍቶ የአየር መግቢያ ቱቦውን አውልቅና ዘንጉን ነቅነቅ አድርገው። ዘንጉ ላይ ያሉት ምላጮች የቱርቦውን ቤት ከነኩ ጋራዡ እውነቱን ነው።