የጓዳ ጥያቄ፦ የሜክሲኮ ቦሎቄ በጅማ ድስት

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ። ሜክሲኮዎች ቦሎቄ ቀቅለው፣ ደፍጥጠው፣ ጠብሰው በቂጣ ሲበሉ ዩቲዩብ ላይ አየሁና አማረኝ። ግን የሚጠብሱት በአሳማ ስብ ነው፣ እሱ ደግሞ እኛ ቤት አይገባም። አባቴም ስኳርና ደም ግፊት አለበት። ለእሱም እንዲሆን አድርጌ እንዴት ልሥራው? (ከቦሳ ኪቶ)

መልስ፦ ስቡ አያስጨንቅሽ እህቴ። እዚያው ሜክሲኮም በዘይት የሚሠሩት ሞልተዋል። ይህን ምግብ የሚያጣፍጠው በደንብ የበሰለ ቦሎቄ፣ ሳይቸኩሉ ያቀሉት ሽንኩርትና ብዙ ሰው የሚደፋው የመቀቀያ ውሃ ነው።

ሐሙስ ገበያ ስትወጪ ቀዩን ወይም ዝንጉርጉሩን ቦሎቄ ግዢ፣ ነጩም ይሆናል። ሻጯን “የዘንድሮ ነው?” ብለሽ ጠይቂያት። የከረመ ቦሎቄ ቆዳው ይጨማደዳል፣ ቀለሙም ይደበዝዛል፣ ቀኑን ሙሉ ብትቀቅዪው ልቡ ድንጋይ ነው።

ግማሽ ኪሎ በቂ ነው። ማታ ለቅመሽና አጥበሽ በብዙ ውሃ ዘፍዝፊው። ጠዋት ያን ውሃ ድፊው፣ እሱ አያስፈልግሽም። በአዲስ ውሃ ጣጂው፣ ውሃው ከቦሎቄው አራት ጣት ያህል ከፍ ይበል፣ ግማሽ ራስ ሽንኩርትም ጣል አድርጊበት። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት እሳቱን አትቆጥቢ፣ በኃይል ይንተክተክ (ምክንያቱን ከታች ለጅረኗ አንባቢ ነግሬያታለሁ)። ከዚያ እሳቱን ቀንሰሽ ክደኚው። አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሁለት ሰዓት ሊወስድ ይችላል። አንዷን ፍሬ አውጥተሽ በሁለት ጣትሽ ጫን በያት። ምንም ሳታስቸግር እንደ ቅቤ ከተዳጠች በስላለች፣ መሃሏ ላይ ትንሽ እንኳ ከጠነከረች ገና ናት።

አሁን ሰፋ ያለ መጥበሻ አምጪ። 3 የሾርባ ማንኪያ የሱፍ ወይም የኑግ ዘይት በቂ ነው። የሚረጋውን የፓልም ዘይት ለዚህ አልመክርሽም፣ የአሳማውን ስብ ሸሽተሽ ያንኑ ዓይነት ጠጣር ስብ በሌላ በር ማስገባት ይሆናል። አንድ ራስ ሽንኩርት አድቅቀሽ ወርቅማ እስኪሆን አቁላዪ። 4 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ የምትወዱ ከሆነ አንድ ቃሪያ ጨምሪ። ሽታው ሲያውድሽ ቦሎቄውን በጭልፋ እያወጣሽ ጨምሪና እዚያው መጥበሻው ላይ በጭልፋው ጀርባ ደፍጥጪው። የመቀቀያውን ውሃ ትንሽ ትንሽ እያልሽ ጨምሪ፣ ቅባት የጎደለውን የሚተካው ይሄ ውሃ ነው። ብሌንደር አታስገቢበት፣ የሕፃን ምግብ ይመስላል። ግማሹ ይላም፣ ግማሹ ፍሬው ይታይ። ማማሰያውን መጥበሻው ላይ ስትስቢው መስመሩ ለትንሽ ጊዜ ከቆየ ደርሷል። ሲቀዘቅዝ ስለሚጠነክር ትንሽ ቀጠን እንዳለ አውርጂው። ጨውና ግማሽ ሎሚ መጨረሻ ላይ ነው።

ለአባትሽ የሚጠቅመው ይሄ ነው፦ ቦሎቄ አሰሩ ብዙ ነው፣ 100 ግራም የበሰለ ቦሎቄ ወደ 9 ግራም አሰር፣ ያንኑ ያህልም ፕሮቲን አለው። ስለዚህ ስኳሩን ደም ውስጥ የሚለቀው ቀስ እያለ ነው። ልክ ሊበጅለት የሚገባው ከጎኑ የሚቀርበው ቂጣ ነው። ጨው ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ማለት ነው፣ የቀኑ ምግብ ሁሉ ተደምሮ። ሎሚውና ከሙኑ ጨው መቀነሱን ይደብቁልሻል። ኩላሊቱ ተነክቷል ተብሎ ከሆነ ግን ቦሎቄ ፖታሲየም ስለሚበዛበት መጀመሪያ ሐኪሙን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ቀይ ቦሎቄ ከሰል ላይ በዝግታ እየሞቀ ዋለና በላነው። ብዙም ሳይቆይ ቤተሰቡ በሙሉ ማስመለስ ጀመረ። ጎረቤቶቼ “ዓይን ነው” አሉ። ምን ይሆን? (ከጅረን)

መልስ፦ እንኳን ተረፋችሁ። ዓይን ሳይሆን እሳት ማነስ ይመስለኛል። ጥሬ ቦሎቄ፣ በተለይ ቀዩ፣ ሌክቲን የሚባል ነገር አለው። አራት አምስት ጥሬ ፍሬ እንኳ ሰው ሊያስመልስ ይችላል፣ ምልክቱም ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራል። የሚጠፋው በኃይለኛ ፍላት ነው። ለብ ብሎ ሲውል ጭራሽ ከጥሬው ሊብስ ይችላል፣ የእናንተ ከሰል የሠራችሁ እንዲህ ነው። ጅማ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃችን 100 ዲግሪ ሳይደርስ ወደ 94 ላይ ይፈላል። ስለዚህ ቢያንስ 5 ሰዓት ዘፍዝፋችሁ፣ ውሃውን ደፍታችሁ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ እየተንተከተከ ይፍላ። ዝግታው ከዚያ በኋላ ነው። የሚያስመልሰው ሰው ውሃ መያዝ ካቃተው፣ ወይም ልጅ ከሆነ፣ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ጥያቄ፦ የኔ ቦሎቄ አልበስል ብሎ ከሰል ጨረሰብኝ። ሶዳ ላድርግበት? (ከሂርማታ)

መልስ፦ በጣት ቁንጥር ያህል ብታደርጊ ያለሰልሰዋል። ካበዛሽው ግን ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ቫይታሚን ቢ1ንም ያጠፋል። መጀመሪያ ግን ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። ቲማቲም ወይም ሎሚ ገና ጥሬ እያለ ጨምረሽበታል? ኮምጣጣ ነገር ቆዳውን ያጠነክረዋል፣ ሁልጊዜ ከበሰለ በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ የት አስቀመጥሽው? እዚህ አገር ክረምቱ እርጥብ ነው፣ ቦሎቄ ደግሞ እርጥበትና ሙቀት ላይ ከከረመ እልኸኛ ይሆናል። ክዳኑ የሚገጥም ጀሪካን ወይም ባልዲ ውስጥ አድርገሽ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አኑሪው። ጨው መዘፍዘፊያው ላይ ብትጨምሪ አያጠነክረውም፣ የሚወራው ልክ አይደለም፣ እንዲያውም ቆዳውን ያለሰልሰዋል። የፕሬዠር ድስት ካለሽ የተዘፈዘፈው በግማሽ ሰዓት ያልቃል፣ ከግማሽ በላይ አትሙዪው እንጂ፤ አረፋው ማስተንፈሻውን ይደፍነዋል።

ጥያቄ፦ ቦሎቄ እወዳለሁ፣ ግን ሆዴን ይነፋኛል፣ ቢሮ ውስጥ አፈርኩ። (ስሜ ይቅር)

መልስ፦ ስምህ ይቅር። የዘፈዘፍክበትን ውሃ ድፋ፣ እስኪላም አብስል፣ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ማንኪያ ብቻ ብላ። አንጀት እየለመደ ይሄዳል። እስኪለምድ ድረስ እሁድ እሁድ ብላው።

ጥያቄ፦ ደም ማነስ አለብሽ ተብዬ ቦሎቄ ብዪ ብለውኛል። ከምሳ በኋላ ቡናዬን ልተው? (ከቆጪ)

መልስ፦ በጅማ ምድር “ቡና ተዪ” ብዬ ማን ሊሰማኝ! አትተዪው፣ አዘግዪው። ቡናና ሻይ የቦሎቄውን ብረት ሰውነትሽ እንዳይወስደው ይይዙታል። ከበላሽ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይለፍ። ምግቡ ላይ ሎሚ ጭመቂበት፣ ወይም ከጎኑ ጥሬ ቃሪያና ቲማቲም ይኑር፣ ቫይታሚን ሲው ብረቱን ያስገባልሻል። ሐኪም ያዘዘልሽን ኪኒን ግን ቦሎቄ አይተካውም።

ጥያቄ፦ ተከራይቼ የምኖር ተማሪ ነኝ። አንዴ ሠርቼ ስንት ቀን ልብላው?

መልስ፦ ፍሪጅ ካለህ ከ3 እስከ 4 ቀን። ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ አታቆየው፣ ቶሎ እንዲበርድ ሰፋ ባለ ሳህን ዘርጋው። መብራት ጠፍቶ ካደረ አትመነው። ፍሪጅ ከሌለህ ለአንድ ቀን የሚበቃህን ብቻ ሥራ። ስታሞቀው ትንሽ ውሃ ጨምርና እስኪፈላ አማስለው፣ ሞቆ ብቻ አይበቃም። ለቁርስ ዳቦ ላይ ቀብተህ፣ የበሰለ አቮካዶ ቆርጠህበት፣ ሚጥሚጣ ነስንስበት።