«በዚያ ትንፋሽህ?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። የምኖረው ኮምቦልቻ ሲሆን ደረቅ ወደቡ አካባቢ በብየዳ ሥራ እተዳደራለሁ። ግብፅ፣ ሁርጋዳ ውስጥ ሆቴል የሚሠራ የልጅነት ጓደኛ አለኝ። የአየር ሲሊንደር ተሸክመው ባሕር ውስጥ እየጠለቁ ቱሪስት የሚመሩ ሰዎችን ቪዲዮ ከላከልኝ ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አቅቶኛል። እዚያ ሄጄ ስኩባ ተምሬ ባለሙያ ጠላቂ መሆን እፈልጋለሁ። ዋና ከልጅነቴ ጀምሮ ሐይቅ እየሄድኩ ተምሬያለሁ። ጅዳ ያለችው ታላቅ እኅቴ ለእናታችን ቤት ማደሻ ካጠራቀመችው ገንዘብ ልትሰጠኝ ተስማምታለች። ችግሩ እናቴ ናት። ቡና ላይ ነገሩን ሳነሣባት «በዚያ ትንፋሽህ?» አለችና በረካው ሳይቀዳ ረከቦቱን አነሣች። በልጅነቴ አስም ነበረብኝ፤ ከተወኝ ግን ቆይቷል። ደግሞም ታናሽ ወንድሟ «ሎጊያ ለቀን ሥራ እሄዳለሁ» ብሎ ከቤት እንደወጣ ቀርቷል። ከጅቡቲ በጀልባ ወደ የመን ተሳፈረ ሲባል ሰማን እንጂ እስከ ዛሬ ድምፁ የለም። ስለዚህ ዱባይ የሆቴል ሥራ አገኘሁ ብያት ብሄድና ሰርተፍኬቴን ከያዝኩ በኋላ ብነግራት አይሻልም? እኅቴ ዓርብ ለእናቴ ስትደውል ምን እንደምትላት እንድነግራት እየጠበቀችኝ ነው።
ስሜ ይቆይ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ላይ «ስለዚህ» የምትለዋ ቃልህ አላሳልፍ አለችኝ። አጎትህ ለእኅቱ ሎጊያ ብሎ ወደ የመን ተሳፈረ። ስለዚህ አንተ ለእናትህ ዱባይ ብለህ ግብፅ ልትገባ ነው። ይህን ስትጽፍ ያስተዋልከው አይመስለኝም።

አንተ እናትህን ያስፈራት ባሕሩ ነው ብለህ ደምድመሃል። ባሕሩማ እንዴት አያስፈራት? በወሎ ባሕር የሚለው ቃል የሚያስታውሰው መዝናኛ አይደለም፤ በጀልባ ተሳፍሮ የቀረ የጎረቤት ልጅ የሌለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። የእናትህ ቁስል ግን ሌላም ነገር አለበት። ወንድሟን የሸኘችው ወደ ሌላ ቦታ ነበር። ስንቅ ቋጥራለት ከሆነ ለሎጊያ መንገድ ነው የቋጠረችው፤ ዱዓ አድርጋለት ከሆነም ለሎጊያ ነው። የት እንደሚሄድ ብታውቅ ኖሮ ልታስቀረው ትችል እንደነበር ስንት ሌሊት አስባ ይሆን?

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ፖሊን ቦስ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምራ ያጠናችው እንዲህ ያለውን ሐዘን ነው። ሰውየው ሞቷል እንዳይባል አስከሬን የለም፤ አለ እንዳይባል ድምፅ የለም። ለቅሶ አይቀመጡበት፣ ተዝካር አያወጡለት፣ ሰደቃ አያደርጉለት ነገር ግራ ነው፤ ያንን ማድረግ በራስ እጅ እንደመቅበር ይቆጠራል። በዚህ ዓይነት ሐዘን ውስጥ የሚኖር ሰው እርሙን ስላላወጣ ደካማ ነው ማለት አይደለም። እርም የሚወጣበት ነገር አላገኘም። አንተ የምትለውን ብታደርግና ከሁርጋዳ አንድ ፎቶ በሆነ መንገድ ሰፈር ቢደርስ (ኮምቦልቻ ውስጥ ደግሞ መድረሱ አይቀርም) እናትህ የሚሰማት የአንድ ልጅ ውሸት ብቻ አይሆንም። ወንድሟ ሁለተኛ ጊዜ የሄደ ያህል ይሆንባታል።

አሁን ወደ ጥያቄዋ ልምጣ፤ እናትህ እኮ ጥያቄ ጠይቃሃለች። «አትሄድም» አላለችም። «በዚያ ትንፋሽህ?» ነው ያለችው። አንተ እንደ እምቢታ ቆጠርከው። ሌሊት ደረትህ ሲያፏጭ ትራስ ደራርባ ቀና አድርጋ የያዘችህ ሴት የጠየቀችው ጥያቄ ግን የማንም ጠላቂ ሐኪም የሚጠይቀው ነው።

እኔ ራሴ ዋና አልችልም፤ ሐይቅ ስሄድ ዳር ቁጭ ብዬ ዓሣ መብላት ይበቃኛል። ነገር ግን የስኩባን ነገር ለማወቅ ያህል አውቃለሁ። 10 ሜትር ስትወርድ ግፊቱ ከውኃው ላይ ካለው እጥፍ ይሆናል። እዚያ ሆነህ ከሲሊንደሩ በሙሉ ሳንባ የሳብከው አየር፣ ትንፋሽህን ይዘህ ወደ ላይ ብትወጣ በእጥፍ ልስፋ ይላል። ሳንባህ ደግሞ ያን ያህል አይሰፋም፤ ይቀደዳል። ለዚህ ነው ተማሪ በመጀመሪያው ቀን «ትንፋሽህን ፈጽሞ አትያዝ» የሚባለው። አስም ደግሞ አንተ ሳትይዘው የትንፋሽ ቱቦህን አጥብቦ አየሩን ሊይዝብህ ይችላል። ስለዚህ ከኮርሱ በፊት የሚሞላው የጤና ቅጽ ስለ ሳንባና ስለ አስም ይጠይቃል። አስምን በሚመለከተው ጥያቄ «አዎ» ካልክ ሐኪም መርምሮ ካልፈቀደልህ ውኃ አትገባም። አስም የነበረበት ሰው ሁሉ ይከለከላል ማለት አይደለም። የሚያስፈራኝ ለእናትህ ዱባይ ለማለት የተዘጋጀ እጅ ቅጹም ላይ «የለብኝም» ብሎ ምልክት እንዳያደርግ ነው።

እናም ከፓስፖርቱ በፊት የሐረጎን ዳገት ውጣና ደሴ የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ለምን እንደምትመረመር በግልጽ ንገረው፤ የሳንባ አቅም ምርመራ እንዲደረግልህ ጠይቅ። ውጤቱ ጥሩ ካልሆነ እኅትህ አንድ ብር ሳታወጣ ማወቅህ ይሻላል። ጥሩ ከሆነ ደግሞ ለእናትህ ጥያቄ መልስ ይዘህ ትመለሳለህ።

ስለ ሙያውም ጥቂት ልበል፤ ቪዲዮው የማያሳየው ነገር አለና። ለጠላቂዎች ሰርተፍኬት በሚሰጠው በፓዲ ድርጅት ሥርዓት የመጀመሪያው ደረጃ እስከ 18 ሜትር፣ ቀጣዩ እስከ 30 ሜትር ያስወርዳል። ቱሪስት ለመምራት የሚያበቃው ዳይቭ ማስተር ቢያንስ 60 ጊዜ ጠልቆ ማስመዝገብን ይጠይቃል፤ አስተማሪ ለመሆን ደግሞ 100። ከመጀመሪያው ኮርስ እስከ አስተማሪነት ያለው ወጪ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። በልምምዱ ወራት ሲሊንደር እየተሸከሙ ያለ ደመወዝ መሥራት የተለመደ ነው፤ የሥራ ፈቃድም ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው። በያጅ ስለሆንክ «ከውኃ በታች ብየዳ ገንዘብ በገንዘብ ያደርግሃል» ያለህ ሰው ካለ፣ ያ ሌላ ሙያና ሌላ ትምህርት ቤት ነው፤ በቱሪስት ጠላቂ ሰርተፍኬት አይገባበትም። ይህን የምነግርህ ላስቀርህ አይደለም። የመጀመሪያው ኮርስ ሦስት ወይም አራት ቀን ነው የሚፈጀው። በራስህ ቁጠባ እሱን ብቻ ተምረህ፣ 18 ሜትር ላይ ሆነህ ሥራው በእውነት የምትወደው መሆኑን እየው። የእናትህ ቤት ጣሪያ ገንዘብ እስከዚያ ድረስ ባለበት ይቆይ። ከዚያ በኋላም ብድር ከሆነ በብድርነቱ፣ እናትህ እያወቀች።

እንዴት እንደምትነግራት ትጠይቀኝ ይሆናል። ሽማግሌ አትላክባት፤ ሰው ሰብስበህ የምታሸንፋት ሴት አይደለችም። ብቻዋን ስትሆን ቡናውን አንተ ራስህ አፍላላት። «እማዬ፣ ዱባይ ብዬ ልዋሽሽ አስቤ ነበር» ብለህ ጀምር፤ ከባድ ነው፣ ግን ከሱ ሌላ የተሻለ መነሻ አላየሁም። ከዚያ የሐኪሙን ወረቀት አሳያት። «ምንም አደጋ የለውም» አትበላት፤ አታምንህም፣ እውነትም አይደለም። ይልቅ ጠላቂ ብቻውን እንደማይወርድ ንገራት። ከመውረዳቸው በፊት አብረው የሚወርዱት ሁለቱ እስከ ስንት ሜትር፣ ለስንት ደቂቃ፣ አየሩ ስንት ሲቀር እንደሚመለሱ ተነጋግረው እንደሚስማሙ፣ ጀልባው ላይም ስማቸውን መዝግቦ የሚጠብቅ ሰው እንዳለ አስረዳት። ወንድሟ ይህ ሁሉ አልነበረውም። የወንድሟን ስም ካነሣች ወሬ አትቀይር፤ እስክትጨርስ አድምጣት። «ሞቷል፣ እርምሽን አውጪ» እንዳትላት።

ይህን ሁሉ ሰምታም እምቢ ልትል ትችላለች። የ27 ዓመት ሰው ነህ፤ እናቱ እያለቀሰች የሄደ ልጅ አንተ የመጀመሪያው አትሆንም፣ በዚያም አልፈርድብህም። የት እንዳለህ እያወቀች ከተቆጣችህ ደውለህ የምታስታርቀው ቁጣ ነው። በዚያ ምሽት መልስ ካልሰጠችህም አትጫናት፤ ብቻ በረካው እስኪቀዳ ከአጠገቧ አትነሣ።

እኅትህ ዓርብ የምትናገረውን እየጠበቀች ነው ብለሃል። ሐሙስ ማታ ደውልላትና እናታችንን እኔው ነግሬያታለሁ በላት።