መምህርት ለስቴት ምክር ቤት ስትወዳደር፦ ጥያቄና መልስ

በቨርጂኒያ የሕዝብ ትምህርት ቤት ሒሳብ የምታስተምር አንዲት እህታችን ለስቴቱ የተወካዮች ምክር ቤት ለመወዳደር እያሰበች ነው። እሷም፣ ሌሎች መምህራንና ወላጆችም ጥያቄ ልከውልኛል። በአሜሪካ ስቴቶች የሚወዳደሩ መምህራንን በዘመቻ ሥራ ሳግዝ ስለቆየሁ የማውቀውን እመልሳለሁ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ብትወዳደር ደስ ይለኛል። ነገር ግን ከቅስቀሳው በፊት ሥራዋንና የቤቷን ገቢ የሚመለከተውን ሕግ አጥርታ ማወቅ አለባት። የማውቃቸው ጎበዝ መምህራን ሐሳባቸውን የተዉት ሕዝቡ እንቢ ብሏቸው ሳይሆን እዚያ ላይ ተሰናክለው ነው።

ጥያቄ፦ የሚያሳስባት ትምህርት ከሆነ ለምን ለኮንግረስ አትወዳደርም? ወይም እዚያው ለትምህርት ቦርድ?

መልስ፦ የአሜሪካ ፌዴራል ሕገ መንግሥት ትምህርትን አንድም ቦታ አያነሣም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1973 ከቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ በመጣ የትምህርት በጀት ክርክር ላይ፣ ትምህርት በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት የተረጋገጠ መሠረታዊ መብት አይደለም ብሎ ወስኗል። ስለዚህ ጉዳዩ የስቴቶች ነው። ለሕዝብ ትምህርት ቤቶች ከሚወጣው ገንዘብ የፌዴራሉ ድርሻ በተለመደው ዓመት ከአሥር እጅ አንዱ ገደማ ሲሆን፣ የቀረውን ስቴቱና የአካባቢው አስተዳደር ይሸፍኑታል። የማስተማር ፈቃድ ማን እንደሚያገኝ፣ ተማሪው በየትኛው ክፍል ምን ፈተና እንደሚወስድ፣ በጀቱ ለድሃውና ለሀብታሙ ወረዳ በምን ቀመር እንደሚከፋፈል፣ የጡረታ መዋጮው ስንት እንደሆነ በአብዛኛው የሚወሰነው በስቴት ደረጃ ነው። የትምህርት ቦርድ አባልነት ትልቅ ሥራ ነው፤ ሆኖም ቦርዱ የሚንቀሳቀሰው ስቴቱ በሰጠው ገንዘብና ባሰመረለት ወሰን ውስጥ ነው።

ኬንታኪን ተመልከቱ። መጋቢት 2018 ላይ ስለ ፍሳሽ ማስወገጃ አገልግሎት የቀረበ አንድ ረቂቅ ሕግ ነበር። ውስጡ ተነሥቶ በምትኩ የመምህራንና የሌሎች ሠራተኞች ጡረታ ማሻሻያ ገባበትና 291 ገጽ ሆነ፤ በዚያው ቀን ሁለቱም ምክር ቤቶች አጸደቁት። ሕዝብ ሳያነበው፣ አባላቱም ራሳቸው በቅጡ ሳያዩት ማለት ነው። መምህራኑ አደባባይ ወጡ። በታኅሣሥ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ረቂቁ ሕገ መንግሥቱ እንደሚያዝዘው በሦስት የተለያዩ ቀናት አልተነበበም በማለት ሻረው። ጡረታዋን በአንድ ቀን የሚለውጥ አካል የት እንደሚቀመጥ ለማንኛዋም መምህርት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለኝም።

ጥያቄ፦ አሜሪካ አልተወለድኩም። መወዳደር እችላለሁ? ግሪን ካርድስ ይበቃል?

መልስ፦ በትውልድ ዜጋ መሆን የሚጠየቀው ለፕሬዚዳንትነትና ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ብቻ ነው። ዜግነት ወስደው ከሆነ አሜሪካ አለመወለድዎ ለስቴት ምክር ቤት ከመወዳደር አያግድዎትም። ግሪን ካርድ ግን አይበቃም። ዕድሜና የመኖሪያ ቦታ እንደየስቴቱ ይለያያል፤ በቨርጂኒያ 21 ዓመት የሞላው፣ በስቴቱ ቢያንስ አንድ ዓመት የኖረና በሚወዳደርበት የምርጫ ወረዳ ነዋሪ የሆነ መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ የመንግሥት ሠራተኛ በፓርቲ ስም አይወዳደርም ሲባል እሰማለሁ። መምህርም የመንግሥት ሠራተኛ ነው።

መልስ፦ የሰሙት ሃች አክት የሚባለውን የ1939 ሕግ ነው። እሱ በዋናነት የፌዴራል ሠራተኞችን ይመለከታል። በስቴትና በአካባቢ አስተዳደር ሥር ያለ ሠራተኛ መወዳደር የሚከለከለው ደመወዙ ሙሉ በሙሉ ከፌዴራል ገንዘብ ሲከፈል ነው፤ በስቴት ወይም በአካባቢ አስተዳደር የሚደገፉ የትምህርት ተቋማት ሠራተኞችን ደግሞ ሕጉ ራሱ ነጻ አድርጓቸዋል። ስለዚህ መምህር ሆኖ መወዳደር በፌዴራል ሕግ አይከለከልም። የትምህርት አስተዳደሩ የራሱ መመሪያ ሊኖረው ይችላል፤ ፈቃድ ስለመውሰድ፣ አስቀድሞ ስለማሳወቅ። መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ጥያቄ፦ ካሸነፍኩስ ማስተማሬን መቀጠል እችላለሁ? (ይህ የእህታችን ጥያቄ ነው።)

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉም ጥያቄ ከባዱ ይህ ነው። በሃምሳዎቹ ስቴቶች አንድ ዓይነት መልስ የለውም። በኦሪገን በ1957 የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሕዝብ ትምህርት ቤት መምህር የአስፈጻሚው ክፍል ሠራተኛ ስለሆነ በሕግ አውጪው ውስጥ ደርቦ መቀመጥ አይችልም ብሎ ፈረደ። የኦሪገን ሕዝብ አልተስማማም፤ በሚቀጥለው ዓመት በሕዝበ ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ መምህራን የምክር ቤት አባል እንዲሆኑ ፈቀደ። ሌሎች ስቴቶች ግን ዛሬም ሁለቱን ሥራ ደርቦ መያዝን ይከለክላሉ፤ ያሸነፈው መምህር ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል።

አንቺ ያለሽበት ስቴት በዚህ በኩል የተሻለ ነው። ሹይለር ቫንቫልከንበርግ በሄንራይኮ ካውንቲ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሆነው ሳለ በ2017 ለተወካዮች ምክር ቤት፣ በ2023 ደግሞ ለሴኔት ተመርጠዋል። ችግሩ የቀን መቁጠሪያው ነው። የቨርጂኒያ ምክር ቤት የሚሰበሰበው በጥር ነው፤ በተጋማሽ ቁጥር ዓመት 60 ቀን፣ በኢተጋማሹ ደግሞ 30 ቀን ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 45 ገደማ ይራዘማል። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በክረምቱ ዕረፍት ላይ ቢሆን ኖሮ መምህር ሁሉ ይመቸው ነበር። የሆነው ግን ተማሪዎችሽ ለፈተና በሚዘጋጁበት ወቅት ነው። ስለዚህ ገና ሳትመዘገቢ ሦስት ነገር አረጋግጪ፦ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይሰጡሽ እንደሆነ፣ በዚያ ጊዜ የጤና መድኅንሽን ማን እንደሚከፍል፣ ፈቃድ ላይ ያለሽበት ጊዜ ለጡረታሽ ይቆጠር እንደሆነ። ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው፤ ጉዳቱ የሚታየውም ሲዘገይ ነው።

ጥያቄ፦ ደመወዙ ያኖራል?

መልስ፦ በኒው ዮርክ አዎ፦ ከ2023 ጀምሮ በዓመት 142,000 ዶላር ነው። በቴክሳስ 7,200 ዶላር። በቨርጂኒያ የተወካዮች ምክር ቤት ለዓመታት 17,640 ዶላር ሆኖ ቆይቷል። በኒው ሃምፕሻየር በዓመት 100 ዶላር ነው፤ በስቴቱ ሕገ መንግሥት ከ1889 ጀምሮ ለሁለት ዓመት 200 ዶላር ተብሎ እንደተጻፈ ነው ያለው። በብዙዎቹ ስቴቶች አበል ይጨመራል፣ ቤት ግን አያስተዳድርም።

ይህ ነገር ከልቤ ያሳዝነኛል። ክፍያው ትንሽ የሆነበት ምክር ቤት በጡረተኞች፣ በራሳቸው ሥራ በሚተዳደሩና ሀብት ባላቸው ሰዎች ይሞላል። በወር ደመወዝ የሚኖር፣ ልጅ የሚያሳድግ መምህር ከበሩ ይመለሳል። ከዚያ ስለ መምህር ኑሮ የሚወስኑት በመምህር ደመወዝ ኖረው የማያውቁ ይሆናሉ።

ጥያቄ፦ ተማሪዎቼ እንደምወዳደር ሰምተዋል። ክፍል ውስጥ ቢጠይቁኝስ?

መልስ፦ «አዎ፣ እወዳደራለሁ» ብለሽ ወደ ትምህርቱ ተመለሺ። በትምህርት ቤቱ ኢሜይል፣ ኮምፒውተር፣ ማባዣ ማሽንና በሥራ ሰዓት አንድም የዘመቻ ሥራ አትሥሪ። ተማሪ በራሪ ወረቀት እንዲያድልልሽ አትጠይቂ፣ ራሱ ቢለምንሽ እንኳ ወላጁን አስፈቅዶ ከትምህርት ቤት ውጭ ይሁን።

ከሥራ ሰዓት ውጭ እንደ ዜጋ የምትናገሪው ግን የተጠበቀ ነው። ማርቪን ፒከሪንግ የተባለ የኢሊኖይ መምህር ቦርዱ ገንዘብ የሚያወጣበትን መንገድ ተችቶ ለጋዜጣ ደብዳቤ ጽፎ ተባረረ፤ በ1968 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መምህር በሕዝብ ጉዳይ ላይ የመናገር መብቱን አያጣም ብሎ ፈረደለት። ይኸው ፍርድ ቤት በ2006 ጋርሴቲ በሚባለው ክርክር ላይ የሰጠው ውሳኔ ይህን አጥብቦታል፦ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ እንደ ሥራው አካል የሚናገረው በዚያው መብት አይጠበቅም። ትምህርት ቤትና ዘመቻ ይለያዩ የምለው ለዚህም ነው።

ጥያቄ፦ ገንዘብ የለኝም። ያለ ሀብታም ደጋፊ ይቻላል?

መልስ፦ ለመመዝገብ ብዙ አይጠየቅም። በቨርጂኒያ ለፓርቲ ፕራይመሪ (የፓርቲው ዕጩ ለሚመረጥበት ቅድመ ምርጫ) 125 የመራጮች ፊርማና የመቀመጫው ደመወዝ 2 በመቶ ይበቃል። በቴክሳስ 750 ዶላር ወይም በምትኩ ፊርማ ነው። ወጪው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሜይን፣ አሪዞናና ኮነቲከት ለዕጩዎች የሕዝብ ገንዘብ የሚሰጡበት ሥርዓት አላቸው፤ በሜይንና በአሪዞና ዕጩው የአምስት አምስት ዶላር መዋጮ ከነዋሪዎች ሰብስቦ ድጋፍ እንዳለው ሲያሳይ ስቴቱ ዘመቻውን ይደግፍለታል። እንዲህ ያለው ሥርዓት ለመምህር የተሠራ ይመስለኛል። ቨርጂኒያ በተቃራኒው መዋጮ ላይ ገደብ እንኳ የላትም፤ ተቃዋሚሽ ከአንድ ሰው የፈለገውን ያህል መቀበል ይችላል። አንቺም በስልክሽ ውስጥ ካሉት ሰዎች፣ ከቀድሞ ተማሪዎችሽ ወላጆች፣ ከመምህራን ማኅበሩ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ከምታውቂያቸው ሰዎች ትጀምሪያለሽ። ሐበሻ ለዕድርና ለዕቁብ ገንዘብ ማዋጣት ያውቅበታል፤ ለምርጫ ግን ገና አልለመደም፣ ስለዚህ ለምን እንደምትጠይቂ አስረጂ። ከግሪን ካርድ ባለቤት መዋጮ መቀበል ሕጋዊ ነው፣ ጊዜያዊ ቪዛ ካለው ሰው ግን አይቻልም።

ጥያቄ፦ ስሜ ለአሜሪካኖቹ ይከብዳል፣ አነጋገሬም ያስታውቃል።

መልስ፦ ስምሽን አታሳጥሪ። በየቤቱ በር ላይ ቀስ ብለሽ ጥሪውና ደግመው እንዲሉት አድርጊ፤ አስተማሪ አይደለሽ? አባታቸው ከኢትዮጵያ የመጡት ሳምራ ብሩክ በ2020 ለኒው ዮርክ ሴኔት ሲመረጡ ስማቸው እንዳለ ነበር። የሒሳብ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ሠላሳ ታዳጊ በዚሁ አነጋገርሽ ስታስረጂ ኖረሻል፤ ወላጆቻቸውም ይረዱሻል።

ጥያቄ፦ ቤት ለቤት እየተዞረ የሚገኘው ድምፅ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ በቨርጂኒያ ይህን የሚጠይቅ ሰው የኒውፖርት ኒውስ ከተማን ምርጫ አያውቅም። የቀድሞ የስፓኒሽ ቋንቋ መምህርትና የትምህርት ቦርድ አባል ሼሊ ሳይመንድስ በ2017 ለ94ኛው ወረዳ ተወዳደሩ። መጀመሪያ በጥቂት ድምፅ ተሸነፉ ተባለ። እንደገና ሲቆጠር በአንድ ድምፅ አሸነፉ። በማግስቱ ዳኞች አከራካሪ የነበረችውን አንዲት የድምፅ መስጫ ወረቀት ለተቃዋሚያቸው ለዴቪድ ያንሲ ቆጠሩና 11,608 ለ11,608 እኩል ሆኑ። ጥር 4 ቀን 2018 በስቴቱ ዋና ከተማ በሪችመንድ ሁለት ስም ሳህን ውስጥ ገብቶ ዕጣ ወጣ፤ የወጣው የያንሲ ስም ነው። በዚያች ዕጣ ምክንያት ሪፐብሊካኖቹ ምክር ቤቱን 51 ለ49 ይዘው ቀሩ። በዚያ ወረዳ አንዲት ቤት ቢንኳኳና አንድ ሰው ለሳይመንድስ ቢወጣ ኖሮ ምክር ቤቱ 50 ለ50 ይሆን ነበር። ሳይመንድስ ተስፋ አልቆረጡም፤ በ2019 በዚያው ወረዳ ተወዳድረው አሸነፉ።

ጥያቄ፦ በ2018 በአንዳንድ ስቴቶች መምህራን ሥራ ካቆሙ በኋላ ብዙ መምህራን ተወዳድረው ነበር። ምን ተገኘ?

መልስ፦ ብዙዎቹ ተሸንፈዋል፣ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ግን ያሸነፉትን ተመልከቱ። በኬንታኪ ትራቪስ ብሬንዳ የተባሉ የገጠር ሒሳብ መምህር በሪፐብሊካን ፕራይመሪ የምክር ቤቱን የአብላጫ ፓርቲ መሪ ጆናታን ሼልን ከመቀመጫቸው አነሡ። በኦክላሆማ ግብር ለመጨመር የምክር ቤቱ ሦስት አራተኛ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ሕዝቡ በ1992 የወሰነው ነው። እንዲያም ሆኖ የሥራ ማቆሙ ቀን ሲቃረብ ምክር ቤቱ ግብር ጨምሮ በአማካይ 6,100 ዶላር የደመወዝ ጭማሪ አጸደቀ። ያንን ከተቃወሙት ሪፐብሊካን ተወካዮች ብዙዎቹ በዚያው ዓመት ፕራይመሪ ላይ ወደቁ።

ብሬንዳ ግን በ2020 በፕራይመሪ ተሸንፈው መቀመጫውን አጥተዋል። በቁጣ ማዕበል የተገኘ ወንበር በየሁለት ዓመቱ ያለ ማዕበል መጠበቅ አለበት።

ጥያቄ፦ አንዲት አዲስ ተመራጭ ምክር ቤት ገብታ ምን ትሠራለች? ድምጿ አንድ ነው።

መልስ፦ አብዛኛው ሥራ በኮሚቴ ነው። ከመቶ አባላት መካከል የትምህርት በጀት ቀመሩን በቁጥር ደረጃ የሚረዱት ጥቂት ናቸው፤ የሒሳብ መምህርት ከሆነች እሷን መጠየቃቸው አይቀርም። በመጀመሪያው ዓመት በስሟ ትልቅ ሕግ ታወጣለች ብላችሁ አትጠብቁ። በሌላ ሰው ረቂቅ ውስጥ አንድ አንቀጽ ማስተካከል፣ ለምሳሌ እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩ ልጆች የተመደበው ድጋፍ እንዳይቀነስ ማድረግ፣ ለብዙ ቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ነገ ጠዋት ከየት ልጀምር? (ይህም የእህታችን ነው።)

መልስ፦ ከስቴቱ የምርጫ ጽሕፈት ቤት የምርጫ ወረዳሽን ካርታና የምዝገባ ቀነ ገደቡን ያዢ። ከትምህርት አስተዳደሩ የሰው ኃይል ክፍል ስለ ፈቃድ፣ ስለ ጤና መድኅንና ስለ ጡረታ የጠየቅሽውን በጽሑፍ አስመልሺ። ከባለቤትሽ ጋር ተቀምጣችሁ የጥርና የየካቲትን የቤት ወጪ አስሉ። መልሶቹ ከመጡ በኋላ ጻፊልኝ፤ የመጀመሪያዎቹን 125 ፊርማዎች ለማሰባሰብ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬሽ እዞራለሁ።