ሲጋራ የማይለየው የግራ ክንፍ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ኖቲንግሃም ፎረስት የእንግሊዝን ሊግ አንዴ ብቻ፣ የአውሮፓን የክለቦች ዋንጫ (የዛሬውን ሻምፒዮንስ ሊግ) ግን ሁለቴ ወስዷል ብዬ ጓደኞቼን ባሳምን ባሳምን እንቢ አሉኝ። እውነት ነው አይደል? እነማንስ ነበሩ የተጫወቱለት? (ከደሴ)

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ውርርድ አስይዘህ ከሆነ በልተሃል። ፎረስት በ1978 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ሊጉን ወሰደ፤ በ1979 ሚዩኒክ ላይ ማልሞን 1 ለ 0 ረታ፤ በ1980 ደግሞ የዋንጫው ባለቤት ሆኖ ገብቶ ማድሪድ ላይ ሃምቡርግን በዚያው ውጤት አሸነፈ። ከአገሩ ሊግ ይልቅ የአውሮፓን ዋንጫ ደጋግሞ የወሰደ ሌላ ክለብ የለም።

አሰልጣኙ ብራያን ክላፍ በ1975 ሲመጣ ቡድኑ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ውስጥ ነበር። በዓመቱ የድሮ ባልደረባው ፒተር ቴይለር ተከተለው። የክላፍ ምላስ ነው የሚወራለት፤ ተጫዋች የሚመርጠው ዓይን ግን በአብዛኛው የቴይለር ነበር። በ1977 ሦስተኛ ወጥተው ለጥቂት አደጉ፣ በቀጣዩ ዓመት ሻምፒዮን ሆኑ።

ብዙ ሰው የሚያነሳው ትሬቨር ፍራንሲስን ነው፤ በ1979 በአንድ ሚሊዮን ፓውንድ ተገዝቶ የሚዩኒክን ጎል በጭንቅላቱ ያስቆጠረው እሱ ነዋ! እኔን ከጠየቅከኝ ግን የዚያ ቡድን ቁልፍ ጆን ሮበርትሰን ነው። ስኮትላንዳዊ፣ ወፈር ያለ፣ ሩጫ የማይወድ፣ ሲጋራ ከእጁ የማይጠፋ ሰው። ክላፍ ሲመጣ የሚሸጥ ተጫዋች ነበር። ኳሷን እግሩ ላይ ስጠው እንጂ ሌላ ነገር አትጠብቅ። ሚዩኒክ ላይ ሁለት ተከላካይ ከፊቱ ቆሞ እያለ በግራ መስመር ሾልኮ ወደ ሩቁ ቋሚ አሻማ፤ ፍራንሲስ የቀረው ጭንቅላቱን ማስገባት ብቻ ነበር። ማድሪድ ላይ ፍራንሲስ ተጎድቶ ቀረ። ያኔ ደግሞ ሮበርትሰን ከአጥቂው ቢርትልስ ጋር ተቀባብሎ ወደ ውስጥ ገባና ከሳጥኑ ውጪ በቀኝ እግሩ ራሱ መታት። በቀረው ሰዓት ኬቨን ኪገንን የያዘው ሃምቡርግ ቢያጠቃ ቢያጠቃ፣ በረኛው ፒተር ሺልተን አላስገባም አለ።

ሌሎቹም እንዲሁ ከዚህም ከዚያም የተለቃቀሙ ናቸው። ጋሪ ቢርትልስ ምንጣፍ አንጣፊ ነበር፤ ከሎንግ ኢተን ዩናይትድ በ2,000 ፓውንድ መጣ። ኬኒ በርንስን ከአጥቂነት ወደ ተከላካይነት መለሱት፤ በ1978 ጋዜጠኞች የዓመቱ ምርጥ ብለው መረጡት። ቪቭ አንደርሰን በዚያው ዓመት ለእንግሊዝ ዋናው ብሔራዊ ቡድን የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆነ። አምበሉ ጆን ማክገቨርን ደግሞ ከብራይተን በቀር ክላፍ በሄደበት ሁሉ፣ ከሃርትልፑል ጀምሮ፣ አብሮ ሲዞር የኖረ ነው።

ጓደኞችህ «ዕጣው ቀሎላቸው ነው» ካሉህ፣ በ1978 መጀመሪያ ዙር ላይ ያሰናበቱት ሁለት ዓመት በተከታታይ ዋንጫውን የወሰደውን ሊቨርፑልን ነው በላቸው። ግማሽ ፍጻሜውስ? ሜዳቸው ላይ ከኮሎኝ 3 ለ 3 ወጡ፣ ሁሉም አለቀላቸው አለ፤ ጀርመን ሄደው በኢያን ቦየር ጎል 1 ለ 0 አሸነፉ።

ክላፍ በ1993 ቡድኑ ሲወርድ ለቀቀ። ፎረስት በ2005 ሦስተኛ ዲቪዚዮን ድረስ ወርዷል፤ ፕሪሚየር ሊግ የተመለሰው በ2022 ነው።

ጥያቄ፦ አርሰናል ቀይ ማሊያውን ከፎረስት ለምኖ ነው ያገኘው ይሉናል። እኛን ለማብሸቅ ነው ወይስ እውነት አለው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ማብሸቁም አለበት፣ እውነትም ነው። በ1886 የዉልዊች የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ቡድን ሲመሠርቱ፣ ፍሬድ ቢርድስሊን የመሳሰሉ ፎረስት የነበሩ ሰዎች በመካከላቸው ነበሩ። ለቀድሞ ክለባቸው ጽፈው ቀይ ማሊያና አንድ ኳስ ተላከላቸው። ነጩ እጅጌ የመጣው በ1933፣ በአሰልጣኙ በኸርበርት ቻፕማን ዘመን ነው። ለማብሸቂያ መልስ ከፈለግህ ደግሞ ይኸውልህ፦ ፎረስት ከኖቬምበር 1977 እስከ ዲሴምበር 1978 በሊጉ 42 ጨዋታ ሳይሸነፍ ቆይቶ ነበር፤ ያንን ክብረ ወሰን በ2004 ሰብሮ 49 ያደረሰው ማሊያ የተለገሰው ክለብ ነው።