«ጦርነት የለባቸውም፣ ለምን ይሸሻሉ?»

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎት ከኮምቦልቻ ነው። ታላቅ ወንድሜ አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ ኤል ፓሶ በምትባል ከተማ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። እዚያ የገባው ከዓመታት በፊት ጥገኝነት ጠይቆ ነው። ሰሞኑን ሲደውል ስለ ሜክሲኮ ሰዎች አወራን። ድንበር ማዶ የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች እርስ በርስም ከመንግሥትም ጋር ይታኮሳሉ፣ ሰዉም እየሸሸ ወደ እሱ ከተማ ይመጣል። ወንድሜ «ጦርነት የለባቸውም፣ ለምን ይሸሻሉ? ወንበዴ የሌለበት አገር የት አለ? ደግሞ ከሸሺው ጋር ገዳዩም ተቀላቅሎ ይገባል፣ በሩ መዘጋት አለበት» አለኝ። ሕጉም ለእነሱ እንደማይሆን ነገረኝ። እኔ የ2014ቱ ጥቅምት ትዝ አለኝና ልቤ አልቀበል አለ፤ የምመልሰው ግን አጣሁ። አንድ አገር ከጎረቤት እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣበት ምን ማድረግ አለበት? ወንድሜ ክፉ ሰው እንዳይመስልዎት፤ እናታችንን የሚጦር እሱ ነው።

መልስ፦ የኔ ዓለም፣ ወንድምሽን በክፉ አላየሁትም። እሱ በስልክ ያለውን እኔ አንድ ቀን በወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ። እሱን ቆይቼ እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ እሱ ያለበትን ከተማ እንይ። ኤል ፓሶንና የሜክሲኮዋን ሲውዳድ ኋሬዝን የሚለያቸው ሪዮ ግራንዴ የሚባለው ወንዝ ነው። ድልድዩን ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 በኋሬዝ ከ3,000 በላይ ሰው ተገደለ። በዚያው ዓመት በኤል ፓሶ የተገደለው 5 ሰው ነው። ይህን ቁጥር ወንድምሽ ሲደውል ንገሪው። ከሸሺው ጋር ገዳይ ይገባል ብሎ ይፈራል፤ ሰው ከኋሬዝ ወደ ኤል ፓሶ በብዛት በሸሸባቸው በእነዚያው ዓመታት ኤል ፓሶ ከአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች ሁሉ ሰላማዊ ከሚባሉት አንዷ ነበረች። ገዳዩ እዚያው ማዶ ሥራው ላይ ነበር። የተሻገረው ከእሱ ያመለጠው ነው።

«ወንበዴ የሌለበት አገር የት አለ» ያለው ትክክል ነው፤ የትም የለም። እዚህ ፒያሳ ሱቅ ያለውን ሰው ሌባ ቢዘርፈው ጣቢያ ሄዶ ያመለክታል። ፖሊስ ሌባውን ይያዘውም አይያዘው፣ ሰውየው በማመልከቱ አይገደልም። በኋሬዝ በዚያ ዘመን ካርቴል የሚባሉት የዕፅ ነጋዴ ቡድኖች ከዳቦ ጋጋሪው፣ ከመድኃኒት ቤቱ፣ ከአውቶቡስ ሾፌሩ ሳይቀር በየጊዜው ገንዘብ ይቀበሉ ነበር። ያልከፈለው ሱቁ ይቃጠላል ወይም ራሱ ይገደላል። ቢያመለክት ደግሞ የሚያመለክተው ፖሊስ ከእነሱ ደመወዝ የሚበላ ሊሆን ይችላል። ነገሩ የባሰው ፕሬዚዳንት ፌሊፔ ካልዴሮን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2006 ሥልጣን እንደያዙ ወታደር ካሰማሩ በኋላ ነው። የሲናሎአና የኋሬዝ ካርቴሎች ዕፁ ወደ አሜሪካ የሚያልፍበትን በር ለመያዝ ሲተናነቁ መሐል ላይ የተገኘው ተራው ሰው ነበር።

ማሪሶል ቫዬስ ጋርሲያ የምትባል የ20 ዓመት የወንጀል ጥናት ተማሪ ነበረች። ከኋሬዝ ወጣ ብላ ባለች ፕራክሴዲስ በምትባል ትንሽ ከተማ የፖሊስ አዛዥነቱን ቦታ የሚይዘው ሰው ጠፋ፤ ከእሷ በፊት አዛዥ የነበረው ተገድሏል። እሷ «እኔ እይዘዋለሁ» ብላ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2010 ሥራ ጀመረች። በመጋቢት 2011 ማስፈራሪያው ሲበዛባት ድንበር ተሻግራ አሜሪካን ጥገኝነት ጠየቀች። አዛዥዋ ራሷ የሸሸችበት ከተማ ዳቦ ጋጋሪው ለማን ያመልክት? ለእኔ የነገሩ ሁሉ መነሻ ይሄ ነው። ሰው ሸሽቶ ሲመጣ መጠየቅ ያለበት «መንግሥትህ ሊያድንህ ይችላል ወይ?» ተብሎ ነው። የተኮሰበት የመንግሥት ወታደር ይሁን የዕፅ ነጋዴ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። ወንድምሽ ከመሬት ተነሥቶ አላወራም። እ.ኤ.አ. የ1951ዱ ዓለም አቀፍ የስደተኞች ስምምነት ስደተኛ የሚለው ከአምስት ምክንያቶች በአንዱ እሳደዳለሁ ብሎ በቂ ምክንያት ያለው ፍርሃት ያደረበትን ሰው ነው፦ በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በፖለቲካ አመለካከቱ ወይም የአንድ የተለየ ማኅበራዊ ቡድን አባል በመሆኑ። አሜሪካ የምትሠራው በዚህ ነው። «ካርቴል ገንዘብ ጠይቆኝ እምቢ ብዬ ነው» የሚል ሰው ከአምስቱ በየትኛው ይግባ? ብዙ ዳኞች በየትኛውም አልገባም ብለው መልሰውታል። ጠበቆች ግን ምስክር የሆነ፣ ጋዜጠኛ የሆነ፣ ፖሊስ የነበረ ሰው የተለየ ቡድን ነው እያሉ ተከራክረው ያስፈረዱበት ጊዜም አለ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2010 ከተደራጁ ወንበዴዎች የሸሹ ሰዎች ጉዳይ እንዴት መታየት እንዳለበት መመሪያ አውጥቷል። ስለዚህ «አይሆንም» ብሎ በአንድ ቃል መዝጋት አይቻልም። ጠባብ ነው፣ ግን በር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ ስጽፈው ደስ ይለኛል። የእኛ አህጉር ሕግ ከዚያ ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1969 እዚሁ አዲስ አበባ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት፣ በአገሩ በከፊልም ይሁን በሙሉ የሕዝብን ሰላም ክፉኛ የሚያናጋ ነገር ተነሥቶበት መኖሪያውን ጥሎ የወጣውንም ስደተኛ ይለዋል። «በከፊልም ይሁን» የምትለዋን አስምሪባት። «ሜክሲኮ ሰፊ ናት፣ ሌላ ከተማ ለምን አይሄዱም» ለሚለው መልስ አላት። የእኛም አገር የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ይህንኑ ትርጉም ይዟል። ከአዲስ አበባው ስምምነት 15 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1984፣ የላቲን አሜሪካ ምሁራንና የመንግሥት ተወካዮች ኮሎምቢያ ውስጥ ካርታሄና ከተማ ተሰብስበው ተመሳሳይ ሐሳብ በመግለጫ አወጡ። ያ የኋሬዝ ዳቦ ጋጋሪ በመተማ በኩል ቢመጣ ኖሮ፣ ኤል ፓሶ ላይ ካለው ይልቅ የሚቆምበት ሕግ ይኖረው ነበር።

በተግባርም የሠራበት አገር አለ። ኢኳዶር ሀብታም አይደለችም። ከኮሎምቢያ ጋር በሚያዋስናት ድንበር ከኮካ (ኮኬይን የሚሠራበት ቅጠል) ንግድና ከሱ ጋር ከተያያዘው ጦርነት የሚሸሽ ሰው ጫካ ለጫካ እየገባባት ያለ ወረቀት ይኖር ነበር። መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ከቢሮው ወጥቶ ቡድን እያሰማራ በየመንደሩ መመዝገብ ጀመረ። ለካርታሄናው ትርጉም ብቁ ሆኖ የተገኘ ሰው በዚያው ቀን ወረቀት ይሰጠዋል። በአንድ ዓመት ውስጥ ከ25,000 በላይ ሰው እውቅና አገኘ። በ2012 መንግሥቱ ሐሳቡን ለውጦ ሰፊውን ትርጉም አነሣ፣ ማመልከቻውንም አገሩ ከገቡ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ እንዲቀርብ አጠበበው። በ2014 ደግሞ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ትርጉሙን መለሰው። መልካም ሥራ እንዲህ በአንድ ድንጋጌ ሊፈርስ ስለሚችል በሕግ መታሠር አለበት የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ያልኩሽን ልንገርሽ። ነሐሴ 2013 ደሴ በተፈናቃይ ሞልታ ነበር። ተፈናቃይና ስደተኛ በሕግ አንድ አይደሉም፤ ድንበር ያልተሻገረ ስደተኛ አይባልም። ጭንቀቱ ግን ያው ነው። እኔ ጠበቃ ስለሆንኩ «አንቺ መጻፍ ትችያለሽ» ተባልኩና መጠለያ በሆነ አንድ ትምህርት ቤት ምዝገባ ላይ ተቀመጥኩ። ዝናብ ነው። የጥቁር ሰሌዳው ጠመኔ ሳይጠፋ የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ተጽፎበት ቀርቷል፣ ከሥሩ ብርድ ልብስ ተነጥፏል። ከመርሳ በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆች ይዘው ቀረቡ። መታወቂያ የላቸውም። «ከማን ነው የሸሹት?» የሚል ዓምድ ነበረ። «ልጄ፣ የተኮሰውን አላየሁትም፤ ጥይቱን ነው የሰማሁት» አሉኝ። ከቀበሌ ደብዳቤ ያምጡ አልኳቸው። «ቀበሌው ራሱ ሸሽቷል እኮ» አሉ። እኔ የታዘዝኩትን ይዤ «ማስረጃ የለውም፣ ይጣራ» ብዬ ጻፍኩ። ላልተመዘገበ ዱቄትም ብርድ ልብስም አይሰጥም። የትልቋን ልጅ እጅ ይዘው፣ ትንሿን አዝለው ወጡ። ማታ እንቅልፍ አጣሁ። በማግስቱ በየክፍሉ፣ በየበረንዳው፣ እስከ ሰኞ ገበያ ድረስ ፈለግኳቸው። አላገኘኋቸውም። እስከ ዛሬም አላገኘኋቸውም።

ሁለት ወር ቆይቶ ጥቅምት ላይ ተራው የእኛ ሆነ። በነጠላዬና በቤት ጫማዬ ደብረ ብርሃን ስደርስ አንዲት ምዝገባ ላይ የተቀመጠች ወጣት ስሜን ብቻ ጠየቀችኝና ጽፋ ጨረሰች። ከዚያ ቀና ብላ «ምሳ በልተዋል?» አለችኝ። ያቺ ልጅ ከእኔ የተሻለ ሕግ ታውቃለች።

ይህን ያነሣሁት የማስረጃው ነገር ከካርቴል የሚሸሹትን ሁሉ የሚጥላቸው ስለሆነ ነው። ካርቴል ማስፈራሪያውን በማኅተም አይልክም። በስልክ ነው፣ ወይም በር ላይ በምትገኝ ብጣሽ ወረቀት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1987 በሰጠው ውሳኔ ፍርሃቱ ምክንያታዊ እስከሆነ ድረስ አደጋው የመድረስ ዕድሉ ከአሥር አንድም ቢሆን ሊበቃ ይችላል ብሏል። ሰውየውን በደንብ አስቀምጦ፣ በቋንቋው፣ ጊዜ ሰጥቶ መስማት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እኔ ያኔ ለእኚያ አባት የሰጠኋቸው ጊዜ አራት ደቂቃ አይሞላም።

የገዳዩ መቀላቀል ስጋትም መልስ አለው። የ1951ዱ ስምምነት ራሱ ከመጠለያው አገር ውጭ ፖለቲካዊ ያልሆነ ከባድ ወንጀል የፈጸመን ሰው ከስደተኛነት ያስወጣዋል። ስሙን፣ አሻራውን፣ ታሪኩን የምታጣሪው ግን አስገብተሽ ስትመዘግቢው ነው። በሩ ሲዘጋ ደላላ በሌሊት ያሻግረዋል፣ ያኔ ማንም አይመዘግበውም። የአዲስ አበባው ስምምነት ደግሞ ስደተኞች በተቻለ መጠን ከድንበሩ ራቅ ብለው እንዲሰፍሩ ይላል፤ አሳዳጁ ተከትሏቸው እንዳይመጣ። ኤል ፓሶ ላይ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 መገባደጃ ከሚቾአካን፣ ከሳካቴካስና ከሌሎች ግዛቶች የሸሹ የሜክሲኮ ቤተሰቦች በቀን የሚገባው ሰው ስለተወሰነ ኋሬዝ ድልድዮች ሥር በድንኳን ወራት ተራ ጠበቁ፣ ሕፃን ታቅፈው በብርድ። የሸሹት አገር ውስጥ ሆነው ነው ተራ የጠበቁት። ይህ በየትኛውም ሚዛን ስህተት ነው።

ወጪ የለበትም አልልሽም። ያኔ ደሴ የቤት ኪራይ ናረ፣ ውኃ ወረፋ ሆነ፣ አንዳንዱ ባለቤት ልቡ ጠበበ። የአሜሪካ ነገር ግን አንድ የተለየ ጉዳይ አለበት። ሜክሲኮ ውስጥ ተይዘው እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2014 ምንጫቸው እንዲጣራ ከቀረቡ መሣሪያዎች 70 በመቶው ከአሜሪካ የወጡ ነበሩ። ዕፁን የሚገዛውም እዚያው ያለ ሰው ነው። ከቤቱ ጥይት ወጥቶ የጎረቤትን ልጅ ያባረረ ሰው፣ ልጁ ደጁን ሲመታ «አንተን ማን ነካህ» ማለት አይችልም።

ለወንድምሽ በቁጣ አትመልሺለት። ጥገኝነት የጠየቀ ቀን መኮንኑ ምን እንደጠየቀውና እሱ በእጁ ምን ወረቀት ይዞ እንደነበር ብቻ ጠይቂው። አንድ ነገርም አስተላልፊልኝ፦ በአሜሪካ ሕግ የጥገኝነት ማመልከቻ አገሩ ከገቡ በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ብዙ ሰው ይህን ባለማወቅ ያልፈዋል። መኪናውን በሚያቆምበት ቦታ ከኋሬዝ የመጣ ጫኝና አውራጅ አያጣም። ቀኑን ይንገራቸው። ምን እንዳለሽ ደግሞ ጻፊልኝ።