ቁጥሩን ይዘሽ ግቢ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው፦ "ተቀጣሪ የጻፈው ሶፍትዌር የማን ነው በሚል የመመረቂያ ጽሑፍ ልሠራ ነው፤ ዌስትሎው (በክፍያ የሚከፈተው የሕግ ዳታቤዝ) የለኝም፤ ሕጉንም የፍርድ ቤት ውሳኔውንም ከየት ላግኝ?" ከእኔ በፊት የመለሱት የድረ ገጽ ስም ደርድረውልሻል። ጥሩ ነው፤ የጎደለሽ ግን የድረ ገጽ ስም አይመስለኝም። እኔ የምሠራው ጥብቅና ቢሮ ውስጥ ነው፤ ውሎዬም ለጠበቆቹ አዋጅና ውሳኔ ማደን ነው። ባዶ እጅሽን ገብተሽ "የሶፍትዌር ባለቤትነት" ብለሽ ብትፈልጊ ስትዳክሪ ትውያለሽ። ቁጥር ይዘሽ ከገባሽ ግን ወዲያው ነው። የአዋጅ ቁጥር፣ የመዝገብ ቁጥር፣ የፓተንት ቁጥር፣ ብቻ ቁጥር ይሁን።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል ካልሽ፣ ሌላ ሰው ከለፋበት የግርጌ ማስታወሻ ነው። ሚዛን ሎው ሪቪው የሚባለውን የአገራችንን የሕግ ጆርናል ታውቂው ይሆናል፤ አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ላይ በነፃ ይወርዳል። ወደ ርዕስሽ የሚቀርብ አንድ ጽሑፍ አውርጂና መጀመሪያ ግርጌውን ብቻ አንብቢ። ዋናው ጽሑፍ የትም አይሄድብሽም። የአዋጆቹን፣ የሰበር መዝገቦቹንና የውጭ ጉዳዮቹን ቁጥር ደብተርሽ ላይ ገልብጪ።

ከአገር ቤት እንጀምር። ያንቺ ቁጥር 410 ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚያገኙት ሥራዎች ጋር ይመድበዋል። የባለቤትነቱ ነገር አንቀጽ 21 ላይ ነው፤ ተቀጣሪ በሥራው ያፈራው ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ነው። ፍሪላንሰር ሲሆንስ? እሱን ከማንም ማጠቃለያ አትውሰጂ፤ አንቀጹን ራስሽ ቃል በቃል አንብቢ፣ የጽሑፍሽ ጭቅጭቅ ያለው እዚያ ነው። ከዚያ አዋጅ ቁጥር 123/1987ን ክፈቺ። አንቀጽ 4 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ፓተንት ከማይሰጣቸው ነገሮች ጋር አስቀምጦታል። ይህን ሳታዪ የፓተንት ምዕራፍ ብትጽፊ አማካሪሽ ሙሉውን ሰርዞ ነው የሚመልስልሽ።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው ዓመቱ ነው። በእንግሊዝኛ የጻፉት ይኸንኑ አዋጅ 410/2004 ይሉታል። ሕጉ ያው ነው፣ የፍለጋ ሳጥኑ ግን የኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም፤ ስለዚህ በሁለቱም ሞክሪ። ሁለተኛው ማሻሻያ ነው። አዋጅ ቁጥር 872/2007 የቅጂ መብት አዋጁን አሻሽሎታል፤ የምታወርጂው የ410 ፒዲኤፍ ግን ስለዚህ ትንፍሽ አይልም፤ በ1996 የታተመ ጋዜጣ የ2007ን ከየት ይወቅ! እኛ አገር "ይህ አንቀጽ ተሻሽሏል" ብሎ ቀይ ባንዲራ የሚያውለበልብልሽ ዳታቤዝ አትጠብቂ፤ ያንን ሥራ የምትሠሪው አንቺ ነሽ። ዋይፖ ሌክስ በሚባለው የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት የሕግ ማከማቻ ላይ የኢትዮጵያን ገጽ ክፈቺ፤ ነፃ ነው፣ ዋናው አዋጅም ማሻሻያውም ተዘርዝረው ታገኛቸዋለሽ። ጽሑፍሽ ላይ የምትጠቅሺው ግን ነጋሪት ጋዜጣውን ይሁን። በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት አማርኛውና እንግሊዝኛው ከተጋጩ የሚገዛው አማርኛው ነው።

አሁን ብዙ ሰው ተስፋ የሚያስቆርጠው ነገር። የድሮ ነጋሪት ጋዜጣ ፒዲኤፍ ከፍተሽ "ባለቤት" ብለሽ ብትፈልጊ ምንም አልተገኘም ይልሻል፤ ቃሉ ግን ዓይንሽ ሥር ቁጭ ብሏል! ምክንያቱ ሰነዱ ወይ ስካን የተደረገ ፎቶ ነው፣ ወይ ከዩኒኮድ በፊት በነበረ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ነው። ኮፒ አድርገሽ ወርድ ላይ ብትለጥፊው የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቁ ይወጣል። መላው ቀላል ነው። ጋዜጣው ሁለት ዓምድ ነው፣ ስካን ካልሆነ በእንግሊዝኛው በኩል ፍለጋው ይሠራል። ቃሉን በእንግሊዝኛ ፈልጊና አንቀጹን ስታገኚ ዓይንሽን ወደ አማርኛው ዓምድ አዙሪ። ፎቶ ከሆነ ግን ያው ማንበብ ነው፣ ማምለጫ የለውም። ፍለጋው በሚሠራበት ሰነድ ላይም ቢሆን "ሥራ"ንም "ስራ"ንም፣ "ቅጂ"ንም "ቅጅ"ንም ሞክሪ፤ ጸሐፊው የትኛውን እንደመታ አይታወቅም።

የሰበር ውሳኔ ላይ ይህ የእንግሊዝኛ ዓምድ የለሽም። ውሳኔዎቹ የታተሙባቸው ቅጾች የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረ ገጽ ላይም አቢሲኒያ ሎው የሚባለው የሕግ ድረ ገጽ ላይም አሉ። በጉግል ከመፈለግ የቅጹን ማውጫ ከፍቶ በጉዳይ ዓይነት መውረድ ያዋጣል። የአእምሯዊ ንብረት ጉዳይ ከውልና ከመሬት ክርክር ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ስለሆነ፣ ማውጫዎቹን ማገላበጥ የሚያስፈራውን ያህል ጊዜ አይፈጅም። ያገኘሽውን በሰበር መዝገብ ቁጥሩ ያዢው። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ጀምሮ፣ አሁን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013፣ ቢያንስ 5 ዳኞች የተሰየሙበት የሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ፣ አንድ ውሳኔ ካገኘሽ በኋለኞቹ ቅጾች ላይ የተለየ ትርጉም አለመሰጠቱንም አጣሪ።

የውጭው እንዲያውም ይቀላል። አሜሪካን ከወሰድሽ ሁለት ጉዳይ ይበቃሻል። አንደኛው ሲሲኤንቪ እና ሪድ፣ 490 ዩኤስ 730 (በላቲን 490 U.S. 730)፣ በአውሮፓውያኑ 1989። ጉዳዩ የሐውልት ነው፣ ግን "ተቀጣሪ ማነው" የሚለው መለኪያ የመጣው ከሱ ነው። ሁለተኛው ኤምስ እና ቦኔሊ፣ 980 ኤፍ ሰከንድ 857 (በላቲን 980 F.2d 857)፣ በአውሮፓውያኑ 1992። ይሄ ለአንቺ የተሰፋ ነው! አንድ ፕሮግራመር ለመዋኛ ገንዳ ዕቃ ሻጭ ድርጅት ሶፍትዌር ጻፈ። ድርጅቱ ጥቅማጥቅም አልሰጠውም፣ ግብር ቆርጦም አላስቀረም። ፍርድ ቤቱ ለነዚህ ትልቅ ቦታ ሰጥቶ ተቀጣሪ አይደለም አለ፣ መብቱም ለፕሮግራመሩ ቀረ። ቁጥሩን ጉግል ስኮላር የፍርድ ጉዳይ ክፍል ላይ ጻፊው፣ ሙሉ ፍርዱ ይመጣል፤ ማን በኋላ እንደጠቀሰውም ያሳይሻል። የጠቀሱትን ግን ከፍተሽ አንብቢ፤ ዌስትሎው ገንዘብ የሚቀበልበት አንዱ ነገር ውሳኔው እስካሁን የጸና መሆኑን የሚነግረው ምልክት ነው፣ ስኮላር ያንን አያደርግም። የክስ ማመልከቻና የመሳሰለውን ከፈለግሽ የአሜሪካ ፍርድ ቤት ሰነዶች የሚገኙበት ኮርትሊስነር ላይ በነፃ ሞክሪ። ፔሰር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የፍርድ ቤት መዛግብት ሥርዓት በገጽ 10 ሳንቲም ያስከፍላል፣ በሦስት ወር ውስጥ ሒሳብሽ ከ30 ዶላር ካልበለጠ ግን ይቀርልሻል።

ለአውሮፓ ዩር ሌክስ፣ የአውሮፓ ኅብረት የሕግ ድረ ገጽ ነው። ስለ ኮምፒውተር ፕሮግራም ጥበቃ የወጣው ሕግ ቁጥር 32009ኤል0024 ነው፣ ኤሉን በላቲን ጻፊው። እንዴት እንደሚነበብ ካወቅሽ ሌላውንም ራስሽ ትሠሪዋለሽ፦ 3 ሕግ መሆኑን፣ 2009 ዓመቱን፣ ኤል ዳይሬክቲቭ (አባል አገሮች ወደ ራሳቸው ሕግ የሚያስገቡት መመሪያ) መሆኑን፣ 0024 ተራ ቁጥሩን። አንቀጽ 2 ንዑስ 3 ላይ ያንቺው ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተመልሷል።

ከላይ የአውሮፓው የጤፍ ፓተንት ምን ላይ እንዳለ የጠየቅከው ወንድሜ፣ ያንተም መልስ ቁጥር ነው። ኢስፓስኔት በሚባለው የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ነፃ የፓተንት መፈለጊያ ላይ ኢፒ 1646287 (ኢፒውን በላቲን EP) በል። የፓተንቱ ሰነድ እዚያ ነው። የሄግ ፍርድ ቤት በኅዳር 2018 በአውሮፓውያኑ ፓተንቱን ዋጋ አልባ ያለው ለኔዘርላንድስ ብቻ ነው፤ የሌሎቹን አገሮች ሁኔታ የሕግ ይዞታ የሚለው ክፍል ላይ በየአገሩ ተመልከት።

ቻትጂፒቲን ጠይቂ ያለሽ ሰው አለ። ለመነሻ ሐሳብ ጠይቂው፣ የሰጠሽን ጉዳይ ግን ቁጥሩን ወስደሽ ዳታቤዝ ላይ ካላገኘሽው የለም ማለት ነው። በአውሮፓውያኑ 2023 ኒውዮርክ ውስጥ አቪያንካ አየር መንገድ በተከሰሰበት ጉዳይ ጠበቆች እንዲህ የተፈበረኩ ፍርዶችን ለፍርድ ቤት አቅርበው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። እነዚያም ፍርዶች ቁጥር ነበራቸው፤ ፈልጎ ያያቸው ሰው ነው የጠፋው።

አንድ የረሳሁት፦ የዩኒቨርሲቲሽን ቤተ መጻሕፍት "ጎአሊ አለን ወይ" ብለሽ ጠይቂ። ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባለው ፕሮግራም የሕግ ክፍል ነው፤ እንደኛ ላሉ አገሮች ተቋማት ነፃ ነው። የሚመዘገበው ተቋሙ እንጂ ተማሪው አይደለም። ተመዝግቦ የይለፍ ቃሉ አንድ ሰው መሳቢያ ውስጥ ሊሆን ስለሚችል አጥብቀሽ ጠይቂ።

ያገኘሽውን ሁሉ ደግሞ ሊንኩን ብቻ ይዘሽ እንዳትቀሪ። የመንግሥት ድረ ገጽ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ላይከፈት ይችላል። ፒዲኤፉን አውርጂና የፋይሉን ስም በቁጥሩ አድርጊው፣ "410-1996"፣ "872-2007" እያልሽ፤ ያወረድሽበትንም ቀን ጨምሪበት።