ጥያቄና መልስ፦ «ጎበዝ፣ በርታ» ብቻ ብላችሁ አትለፉት

ስለ ጌም ጃም ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ኮድ አይደሉም፤ ስለ ሰው ናቸው። ለማታውቁት፦ ጌም ጃም ማለት በተሰጠ ርዕስ ላይ በአጭር ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ በ48 ሰዓት፣ አንድ ትንሽ የኮምፒውተር ጨዋታ ሠርቶ ማስረከብ ነው። ከዚያ ተሳታፊዎቹ አንዱ የሌላውን እየተጫወተ አስተያየት ይሰጣጣሉ። ጭንቁ የሚመጣው እዚያ ላይ ነው።

ጎዶ በሚባለው የጌም መሥሪያ ፕሮግራም የሠራሁት ጌም እኔ ላፕቶፕ ላይ አማርኛውን በደንብ ያሳያል። ብራውዘር ላይ ስጭነው ግን ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆነ። (ከስድስት ኪሎ)

ፊደሉን ያሳየህ የላፕቶፕህ ፎንት ነበር። «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ»ን ወይም «አቢሲኒካ»ን አውርደህ ጌሙ ውስጥ አብረህ ክተት፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው።

የቅርብ ጓደኛዬ ሁለት ሌሊት አይኑን ሳይከድን የሠራውን ጌም አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብለን አሳየኝ። እውነቱን ልንገርዎትና አልጣመኝም። ብነግረው ይከፋዋል፣ ባልነግረው ዋሸሁት። (ከአራት ኪሎ)

ወንድሜ፣ ያስጨነቀህ ይሉኝታ ነው። እኔንም አንድ ጊዜ አሳስቶኛል።

አንድ ልጅ የታክሲ ረዳት የምትሆንበት ጌም ሠርቶ ነበር። ከሜክሲኮ ፒያሳ እስክትደርስ ሂሳብ ትሰበስባለህ፣ መልስ ትሰጣለህ፣ መውረጃው ያለፈበት ሰው ይጮህብሃል። ሐሳቡ ግሩም ነው። ሲያስሞክር አጠገቡ ነበርኩ። ሦስት ሰዎች ተጫወቱ፤ ሦስቱም መልስ መስጫው የቱ እንደሆነ ሳያገኙ ተሳፋሪው ሁሉ ተጣልቷቸው ወረደ። እያየሁ ነበር። ልጁ ዞር ብሎ «እንዴት ነው?» ሲለኝ «ጎበዝ፣ በርታ» አልኩት። እንዳለ አስረከበው፤ የተጫወቱትም እዚያው ቦታ ላይ እየተውት ወጡ። በኋላ ሲያገኘኝ «አይተው ነበር አይደል?» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። ያን ቀን ያተረፍኩት የራሴን ምቾት ነው፤ የከሰረው እሱ ነው።

ስለዚህ ንገረው። ግን የምትነግረው ፍርድህን ሳይሆን ያየኸውን ነው። «ከባድ ነው» ብትለው ምን ያድርገው? «ሦስት ጊዜ ሞትኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ምን እንደገደለኝ አላየሁም» ካልከው ግን ማታውኑ ቁጭ ብሎ የሚያስተካክለው ነገር አገኘ። «ይሰለቻል» ከማለት «ሁለተኛው ድልድይ ጋ ስደርስ ስልኬን ማየት ጀመርኩ» ማለት ይሻላል። የወደድከውንም በዚሁ ልክ ንገረው። ዝላዩ ደስ ካለህ ዝላዩን ጥቀስ፤ አለዚያ ሲያርም የሚያምረውን ነገር አብሮ ሊያጠፋው ይችላል።

ከመጀመርህ በፊት ደግሞ ምን ማወቅ እንደሚፈልግ ጠይቀው። የጨነቀው ሥዕሉ ሆኖ ሳለ አንተ ስለ ድምፁ ግማሽ ሰዓት ብታወራ አይሰማህም። የሱን ጌም ወደ ራስህ ጌም አትቀይርበት፤ በ48 ሰዓት የተሠራን ነገር «አሥር ሌቭል ጨምርበት» ማለትም ምክር አይደለም።

ሰውን ሳያዋርዱ ሥራውን ማረም ለእኛ አዲስ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠራትን ጉባኤ ቃና ይዞ የኔታ ፊት ይቀርባል። ሁለት ቤት ብቻ ናት። የኔታ ቃሉ የት እንደሳተ፣ ሰሙ ከወርቁ የት ላይ እንዳልገጠመ ያሳዩታል፤ እሱም አርሞ ወይም ሌላ ቆጥሮ ይመለሳል። የሚታረመው ቅኔው ነው፣ ልጁ ልጅነቱ አይነካም። የጃም ጌምም እንደ ጉባኤ ቃና አጭርና የጀማሪ ሥራ ናት። ጓደኛህ ሁለት ሌሊት የሰጣትን ሥራ አንተ ሃያ ደቂቃ ልብህን ሰጥተህ ብታያት አክብሮት ማለት እሱ ነው።

ጌሜን የሚጫወትልኝ አጣሁ። ምን ላድርግ? (ከአምባሳደር አካባቢ)

አንተ የስንቱን ተጫወትክ? ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚካሄደው ሉደም ዴር በሚባለው ጌም ጃም አንድ ጌም ደረጃ ውስጥ እንዲገባ ወደ 20 የሚጠጉ ሰዎች ነጥብ ሊሰጡት ይገባል፤ እነዚያ ሰዎች የሚገኙት ደግሞ የሌሎችን ጌም በመጫወት ነው። የአሥር ሰው ጌም ሞክርና ረጋ ብለህ ጻፍላቸው፤ ብዙዎቹ ያንተንም ይከፍታሉ። ሌላው፣ ሳይወርድ ብራውዘር ላይ የሚከፈት አድርገው፤ መጠኑንም ቀንስ። በሞባይል ዳታ 300 ሜጋባይት አውርዶ የማያውቀውን ሰው ጌም የሚሞክር የለም።

ጌማችን ውስጥ ፍንዳታ ሲኖር ስክሪኑ ቀይና ነጭ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ይላል። የሞከረልን የ15 ዓመት የሰፈር ልጅ በመሃል ፈዞ ቀረ፤ ስንጠራው አልሰማም። ከትንሽ ጊዜ በኋላ ተመለሰና «ደክሞኝ ነው» አለ። ብልጭታውን እንቀንሰው ወይስ ማስጠንቀቂያ ይበቃል? (ከካዛንቺስ፣ ሦስት ሆነን)

ልጆች፣ ጌሙ ይቆይ። ልጁ ሐኪም ጋ ይሂድ።

ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን በአንዳንድ ሰዎች ላይ የሚጥል በሽታን ይቀሰቅሳል፤ በልጆችና በጎረምሶች ላይ ይበዛል። ሁልጊዜ መውደቅና መንፈራገጥ አይኖረውም፤ እናንተ እንዳያችሁት ፈዞ መቅረትም ሊሆን ይችላል። ሌላ ነገርም ሊሆን ይችላል፤ እኔ ከደብዳቤ ላይ መለየት አልችልም፣ እናንተም አትችሉም። ዛሬውኑ ለወላጆቹ ያያችሁትን ሳትደብቁ ንገሩ። ሰፈራችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፈው የነርቭ ሐኪም ያሳዩት። «ተሽሎታል» ብላችሁ እንዳትተዉት፤ እስኪታይም ይህን ጌም አትክፈቱበት። ድንገት ቢወድቅ በጎኑ አስተኙት፣ አጠገቡ ያለውን ጠንካራ ነገር አርቁ፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ። ክብሪት ጭሮ ማሽተት አይረዳውም። ከ5 ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ ጥሩ።

ወደ ጌሙ ስንመለስ፣ ለድረ ገጾች የወጣው የተደራሽነት መመሪያ በአንድ ሰከንድ ከ3 ጊዜ በላይ ብልጭ አይበል ይላል፤ በተለይ ደማቅ ቀይ አደገኛ ነው። ማስጠንቀቂያ ብቻውን አይበቃም። ብዙ ሰው ሕመሙ እንዳለበት የሚያውቀው መጀመሪያ ሲጥለው ነውና ማስጠንቀቂያውን አንብቦ ያልፈዋል። ብልጭታውን አውጡት።

በአያቴ ዘመን የተቀዳ ዘፈን ጌሜ ውስጥ ብከት ችግር አለው? ድሮ የተሠራ ነው። (ከስታዲየም)

አለው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲው መብት በሕይወቱ ዘመንና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ፈቃድ ጠይቅ፣ ወይም ክራር የሚችል ጓደኛህን ራስህ ቅረጽ። ዝርዝሩን የሕግ ባለሙያ ይንገርህ።

የመጀመሪያ ጌሜን አስረክቤ 11 አስተያየት ደረሰኝ። አንዱ «ይህም ጌም ተባለ?» ብሎ ጻፈ፤ ሌሊቱን አለቀስኩ። ሁለት ሰዎች ደግሞ መውጫውን በር አላገኘንም አሉ። በሩ እኮ ግልጽ ነው! ልመልስላቸው? (ከፒያሳ)

እህቴ፣ የመጀመሪያው ሰው የሚታረም ነገር አልነገረሽምና መልስ የለውም። እንዲህ ያለ ቃል ሲጻፍብሽ ማልቀስሽም አያሳፍርም።

ሁለቱን ግን በደንብ ስሚያቸው። የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች አንድ ቦታ ላይ ከቆሙ ጥፋቱ የቦታው ነው። በሩ ላንቺ ግልጽ የሆነልሽ እዚያ ያስቀመጥሽው አንቺ ስለሆንሽ ነው። ብታስረጃቸው ይገባቸው ይሆናል፤ ነገ የሚጫወተው ሰው አጠገብ ግን ቁጭ ብለሽ «እዚያ ጋ ነው» ልትይ አትችይም። «አመሰግናለሁ፣ የት አካባቢ ፈልጋችሁ አጣችሁት?» ብቻ ብለሽ ጠይቂያቸው። የሚነግሩሽ ቦታ በሩን ማኖር ያለብሽ ቦታ ሊሆን ይችላል። አስተካክለሽ ላኪልኝ፤ እኔም በሩን ልፈልገው፣ የቆምኩበትን ቦታ ሁሉ እጽፍልሻለሁ።